የበረዶ ሣጥኑን የከፈትሁት እኔ ነኝ



በ2016 ዓ.ም. በወጣው መጽሔታችን ላይ ስለ ላንጋኖ ጉዞ የተጻፈውን ያነበባችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ጸሐፊው የሐይቁን ማማር፣ የመንገዱን ርዝመትና በአውቶቡስ ውስጥ የተዘፈነውን ዘፈን ሁሉ ደኅና አድርጎ ከዘረዘረ በኋላ፣ ስንመለስ ጥቂት ልጆች ምግብ ስላልተስማማቸው ታመው እንደ ነበረ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሶ አልፏል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚያች አንዲት መስመር ነው። መስመሯ አጭር ብትሆንም ከበስተኋላዋ የአንዲት እናት ስም፣ የአንድ ጓደኛ ቅያሜና የእኔ ዝምታ አለ።

ጉዞው የተደረገው በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ነበር። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀኖች ጾም የሌለባቸው ስለ ሆኑ፣ ክፍላችን ምሳው የዶሮና የእንቁላል ሳንዱች እንዲሆን በአንድ ድምፅ ወሰነ። ቆሎና በሶ ይዘን እንሂድ ያለ አንድ ልጅ ነበር፤ «አንተ ደግሞ ለዘመቻ ነው እንዴ የምትሄደው?» ተብሎ ተሳቀበት። ያ ልጅ ይህን ሲያነብ በተራው እንደሚስቅብን አውቃለሁ፤ ይገባዋልም።

ለምግቡ ኀላፊ ሆኜ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። እውነቱን ለመናገር ሹመቱን የፈለግሁት ለምግቡ አስቤ አይደለም። በሚመጣው መስከረም የክፍል አለቃ ምርጫ ስለ ነበረ፣ አርባ ስድስት ልጆችን አብልቶ አጠጥቶ የመለሰ ሰው ድምፅ አያጣም ብዬ ነው። ምግቡን የምታዘጋጅልን የቅርብ ጓደኛዬ እናት ሆነች። ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ሳምቡሳና እርጥብ ስትሸጥ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ በዕረፍት ሰዓት ወረፋው እስከ አጥሩ ድረስ ይደርስ ነበር። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁና።

የበረዶ ሣጥኑን፣ ማለትም ብዙዎቻችን አይስ ቦክስ የምንለውን፣ ከአጎቴ ተዋስሁ። 50 ሊትር የሚይዝ፣ ሰማያዊ፣ ክዳኑ ከባድ የሆነ ሣጥን ነው። እርሷም ስድስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታ፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ከአፋቸው ትንሽ አጉድላ፣ ከሁለት ቀን በፊት ጀምራ አበረደች። ዶሮውን ቀቅላ ዘለዘለችው፤ እንቁላሉንና ድንቹንም ቀቅላ ከዶሮው ጋር ለወሰችና በሦስት ባለ ክዳን ዕቃዎች አድርጋ ሌሊቱን በማቀዝቀዣ አሳደረችው። ዳቦው ለብቻው በከረጢት ሆነ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሣጥኑን ለመውሰድ ስሄድ ምግቡን በመካከል፣ በረዶውን በጎንና ከላይ አድርጋ፣ ባዶ የቀረውን ቦታ ሁሉ በታጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ስትሞላው አገኘኋት። ጋዜጣው ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ክዳኑን ከገጠመች በኋላ እጇን በላዩ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ይህን እንዳትከፍተው፤ ለማንም ቢሆን እንዳትከፍተው» አለችኝ። «እሺ፣ እትዬ» አልሁ።

እሺታዬ የቆየው እስከ ሞጆ ነው።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ፀሐይዋ ወጥታ አውቶቡሱ መጋል ጀመረ። ልጆቹ ለስላሳ መጠጥ ጠየቁ። መጠጡ በሣንዱቅ ተጭኖ ነበር፤ ዳሩ ግን ከሱቅ እንደ መጣ ለብ ያለ ነበር። አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «ኀላፊ! በረዶ አንተ ዘንድ ታቅፈህ እኛ ሙቅ ልንጠጣ ነው?» ሲል ሁሉም አጨበጨቡ። በዚያን ጊዜ ያደረግሁትን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ባጭሩ ብቻ ነበርና የተናገርሁት። ክዳኑን ከፈትሁ። ከስድስቱ በረዶዎች አራቱን አውጥቼ በባልዲ ውስጥ አደረግሁና የመጠጥ ጠርሙሶች ደረደርሁባቸው። ባልዲው ለሁሉ ስላልበቃ ደግሞ ጋዜጣውን አውጥቼ ጣልሁና በቦታው አሥራ ሁለት ሙቅ ጠርሙሶች በምግቡ መካከል ሰገሰግሁ። እነርሱ በርደው ሲጠጡ ሌላ አሥራ ሁለት ጨመርሁ። ሣጥኑ መንገድ እንዳይዘጋ ብዬም ከሾፌሩ አጠገብ በሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጥሁት። የሞተር ክዳን ምን ያህል እንደሚግል የተቀመጠበት ያውቃል። መቂ ሳንደርስ ጎማ ስለ ተነፈሰ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን፤ በዚያም ጊዜ ክዳኑ የተከፈተውን ያህል የቤታችን በር በበዓል ቀን አይከፈትም።

«ኀላፊያችን ጀግና!» ተባልሁ። ደስ አለኝ።

ላንጋኖ እንደ ደረስን ሣጥኑን ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አኑረን ወደ ውሃው ሮጥን። የግራር ጥላ ግን እንደ ሰው አይጠብቅም፤ ስንመለስ ጥላው ወዲያ ሄዶ ሣጥኑ ፀሐይ ላይ ቀርቷል። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ከሐይቅ በወጣ እጃችን ዳቦውን እየከፈትን ምግቡን ለቀለቅንበት። ሽታው ደኅና ነበር፤ ጣዕሙም ደኅና ነበር። ይህን የምለው፣ የተበላሸ ምግብ ሁልጊዜ እንደሚሸት ከልጅነቴ ጀምሮ አምን ስለ ነበረ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ከ11 ሰዓት ጀምሮ አንዱ አስታወከ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ አውቶቡሱ እየቆመ ልጆች ወደ ሜዳ ይወርዱ ጀመር። ዐሥራ አንድ ልጆች ታመሙ። ከእነርሱም አንዱ ያው ጓደኛዬ፣ የምግቡ ባለቤት ልጅ ነበር። እኔ ከመጠጡ ብዛት ሆዴ ስለ ሞላ ምግቡን እምብዛም አልነካሁትምና ምንም አልሆንሁም።

በመንገድ ላይ ባለች ከተማ ወደ ጤና ጣቢያ ገባን። ለሁለቱ ጉሉኮስ ተሰቀለላቸው። ተረኛዋ ነርስ ፈጣንና ጥያቄ የምታበዛ ሴት ነበረች። ምን እንደ በላን፣ መቼ እንደ ተሠራ፣ በስንት ሰዓት እንደ በላነው ሁሉ ጠይቃ ጻፈች። በረዶ ሣጥን መሆኑን ስትሰማ ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ሣጥን አንሥታ ለመምህራችን አሳየቻቸው። ክትባት ይዘው ወደ ገጠር የሚወጡበት ሣጥን ነው፤ በውስጡ ያለው ቅዝቃዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን እንዳለበት፣ ከዚያ ከወጣ መድኀኒቱ መድኀኒትነቱ እንደሚያጠራጥር፣ ስለዚህም ያለ ምክንያት እንደማይከፈት ነገረቻቸው። ከዚያም ወደ እኛ ዞራ፣ «የእናንተን ሣጥን ማን ነበር የያዘው? በመንገድ ላይ ተከፍቶ ነበር?» አለች።

መምህራችን ወደ እኔ ተመለከቱ። በአልጋው ላይ የተኛው ጓደኛዬም ተመለከተኝ፤ ዐይኖቹ ግን ከሕመሙ የተነሣ የሚያዩ አይመስሉም ነበር።

«አልተከፈተም፣ ሲስተር» አልሁ።

እርስዋም ጻፈችና፣ «ካልተከፈተ እንግዲህ ሲሠራ ነው የተበላሸው» አለች።

ያችን ቃል የሰሙ ሁሉ ይዘዋት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጆች ለወላጆቻቸው ነገሩ፤ ወላጆች እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ሣጥኑ ሲከፈት ያዩት ልጆችስ ለምን ዝም አሉ ትሉ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ የሣጥን መከፈት ያን ያህል ነገር ያመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የቀዘቀዘውን መጠጥ ያልጠጣም አልነበረም። በሰኔ ወር ከሱቋ ፊት ያለው ወረፋ ጠፋ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ሳምቡሳ መጥበሱን ትታ ሻይ ብቻ ታፈላ ነበር፤ እርሱንም የሚጠጡት ዘበኞችና መንገደኞች ነበሩ። ጓደኛዬ በክፍል ውስጥ ከአጠገቤ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ በእኔ ተቆጥቶ ሳይሆን ከሰው ሁሉ ፊት መራቅ ስለ ፈለገ ነው። ይህ ይበልጥ ከበደኝ። እኔም የክፍል አለቃ ሆኜ ተመረጥሁ።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የፊዚክስ መምህራችን ስለ ሙቀት ሲያስተምሩን አንድ ታሪክ ነገሩን። ፍሬዴሪክ ቱዶር የሚባል የቦስተን ነጋዴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1806 በክረምት ከረጋ ኩሬ የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ሞቃቲቱ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ወሰደ፤ ሰውም ሳቀበት፤ በመጀመሪያ ከሰረበት። ነገር ግን በረዶውን በሰጋቱራ እየጠቀጠቀ ማጓጓዝን ተማረና በ1833 ከቦስተን የተነሣ 180 ቶን በረዶ ወራት የፈጀ ባሕር አቋርጦ ካልካታ ሲደርስ 100 ቶን ያህሉ ሳይቀልጥ ተገኘ። መምህራችን፣ «ሰጋቱራ ቀዝቃዛ ነውን?» ብለው ጠየቁን። አይደለም። በእንጨት ብናኙ መካከል የታሰረው አየር ሙቀት እንዳያልፍ ስለሚከለክል ነው። ዛሬም የበረዶ ሣጥን ግድግዳ በጥቃቅን የአየር አረፋዎች የተሞላ ፎም ነው፤ ሥራው ያው የሰጋቱራው ሥራ ነው። ሣጥኑ ራሱ ምንም አያቀዘቅዝም፤ ከውጭ የሚመጣውን ሙቀት ያዘገያል እንጂ። የሚያቀዘቅዘው በረዶው ነው፤ በረዶውም እንደ ገንዘብ የሚያልቅ ነው።

ከዚያም በጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፉት ቍጥር እንቅልፍ ነሣኝ። በ0 ዲግሪ ያለ አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ በዚያው በ0 ዲግሪ ውሃ ለመሆን 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይውጣል። ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ያህል ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው። እኔም ደብተሬን አውጥቼ የራሴን ሒሳብ ሠራሁ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ከ28 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርዱ መጠጡ ብቻ ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ በረዶ ያቀልጣል፤ የጠርሙሱ መስታወት ሳይቆጠር ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት ከትቻለሁ፤ ትቼ የነበረውም በረዶ አራት ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነበር። አራቱን በረዶ ያወጣሁበት፣ ሞተሩ፣ ፀሐዩና በየጊዜው የገባው ሙቅ አየር ሲጨመርበት መልሱ ግልጽ ነው።

ሒሳብ ግን ይሳሳታል ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ። ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር በመምህሩ ፈቃድ ተውሼ፣ ያንኑ የአጎቴን ሣጥን አምጥቼ በሁለት ቅዳሜዎች ሞከርሁት። በምግቡ ፈንታ በማቀዝቀዣ ያደረ ውሃ በዕቃ አደረግሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስት በረዶና ጋዜጣ አድርጌ፣ በጥላ አኑሬ፣ ከጧት እስከ ቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳልከፍት አቆየሁት። ስከፍተው 4 ዲግሪ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ በመንገድ ያደረግሁትን ሁሉ ደገምሁ፤ ሁለት በረዶ፣ ሙቅ ጠርሙስ፣ ፀሐይና መክፈት መዝጋት። በምሳ ሰዓት 17 ዲግሪ ሆነ። ያውም የሞተር ክዳን በቤታችን ስለ ሌለ ነው።

በሽታውን በሚመለከት መጽሐፍ አገላብጬ፣ የባዮሎጂ መምህራችንንም ጠይቄ የተረዳሁት ይህ ነው። ምግብ በቅዝቃዜ የሚጠበቀው ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ በተመቻቸው ሙቀት አንዳንዶቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። ስታፊሎኮከስ የሚባሉት በጤነኛ ሰው እጅና አፍንጫ ላይ እንኳ ይገኛሉ፤ በሙቀት ሲቆዩ በምግቡ ውስጥ መርዝ ይተዋሉ፤ መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ምግቡን መልሶ ማሞቅም አያጠፋውም። ከተበላ በኋላ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ማስታወክ ያመጣል። የእኛ ሕመም በትክክል እርሱ ነበር ብዬ አልምልም፤ የመረመረው የለምና። ጊዜው ግን ይመሳሰላል። የማንም እጅ ፍጹም ንጹሕ አይደለም፤ የእኛም ከሐይቅ የወጣው እጃችን ጭምር። ብርዱ ነበር የሚጠብቀን፤ ብርዱን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ደብተሬን ይዤ ወደ ሱቋ ሄድሁ። ጓደኛዬም እዚያው ብርጭቆ ያጥብ ነበር። ሁሉን ነገርኋቸው። ለነርሷ የመለስሁትንም ነገርኋቸው። ደብተሩን ከፍቼ 4ንና 17ን ሳሳያት አየት አደረገችውና ዘጋችው።

«ድስቴን ለቁራሌው ሸጥሁት እኮ» አለች።

ያልገባኝ መሆኑን አይታ፣ «እናቴ የሰጠችኝ ድስት ነበር። ዝገቱ ይሆን፣ ውሃው ይሆን፣ እንቁላሉ ይሆን እያልሁ ሌሊት ሌሊት እንደ ገና ስሠራው አድር ነበር። በመጨረሻ ድስቱ ነው ብዬ ሸጥሁት» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔን ይቅርታ ጠየቅኸኝ፤ ደግ አደረግህ። ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ግን ምን አተርፋለሁ? እኔ ላይ ሲወራ የሰሙት ሌሎች ናቸው። ለሰሙት ንገራቸው» አለች። ጓደኛዬ አንድም ቃል አልተናገረም። ብርጭቆውን እስኪያጭጭ ድረስ አሸው።

በማግሥቱ ለክፍል ኀላፊ መምህራችን ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም ቆጥተውኝ ሲያበቁ፣ በሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በተማሪው ሁሉ ፊት እንድናገር ፈቀዱልኝ። የክፍል አለቅነቱንም ለቀቅሁ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ተናገርሁ፤ አጭር ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎች ጥቂት በጥቂት ወደ ሱቋ ተመለሱ። ወላጆች ግን በሰልፉ ላይ አልነበሩም። በየካቲት ወር አንዲት እናት ልጃቸውን በሱቁ አጠገብ እየጎተቱ፣ «ከዚህ አትብላ አላልሁህም?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ይህን መጽሔት ወላጆች እንደሚያነቡት ስለማውቅ ነው ጽሑፉን ለአዘጋጆቹ ያቀረብሁት። የተከበራችሁ ወላጆች፣ ምግቡ በንጽሕና ተሠርቶ፣ በርዶ፣ በሚገባ ታሽጎ ነው በእጄ የተሰጠኝ። ሣጥኑን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ አልተከፈተም ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

ወደ ሁለተኛው ጉዞ ልለፍ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ክፍላችን እንደ ገና ወደ ላንጋኖ ለመሄድ ሲያስብ ምግቡን ማን ይሥራ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። እርሷ ትሥራ ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ያ የበሶው ልጅ ነው። ተልከን ሄደን ስንለምናት፣ «እሠራለሁ፤ ነገር ግን እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች። ላንጋኖን አይታ አታውቅም ነበር።

በዚህ ጊዜ ሥራውን ከሥር ጀምሬ አብሬያት ስለ ሠራሁ ለሽርሽር የምትወጡ ሁሉ ይጠቅማችኋል የምለውን ላንሣ። ባዶው ሣጥን ከዋዜማው ጀምሮ በረዶ ገብቶበት እንዲያድር አደረገች፤ ሙቅ ሣጥን የመጀመሪያውን በረዶ ለራሱ ይበላዋልና። የተቀቀለውን ዶሮ በትሪ ላይ በሥሡ ዘርግታ ቶሎ አበረደችው፤ በትልቅ ዕቃ የተከመረ ምግብ ከላይ በርዶ ከመካከሉ ለብ እንዳለ ያድራል። የጋዜጣውንም ምክንያት አሁን ጠየቅኋት። «ባዶ ቦታ ካለ ሙቅ አየር ገብቶ ይቀመጣል» አለች። የፊዚክስ መምህራችንም ከዚህ አብልጠው አላስረዱኝም። ለመጠጥ ሌላ ትንሽ ሣጥን ተዋስንና፣ «ይኼ የእናንተ ነው፤ እንደ ልባችሁ ክፈቱት። ይኼኛው የእኔ ነው» አለችን።

በመጨረሻ ከትከሻዋ ላይ ጋቢዋን አውርዳ ሣጥኗን ጠቀለለችበት። ልጆቹ፣ «እትዬ፣ ጋቢ ያሞቃል እንጂ ያቀዘቅዛል እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጋቢ አያሞቅም፤ የሰውነታችንን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። የውጭውንም እንዳይገባ እንዲሁ ይይዛል። ልብስ የሰውን ሙቀት እንደሚጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ብርድንም እንደሚጠብቅ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከሣጥኑ ሌላ በቆዳ የተለበጠ አሮጌ አገልግል ይዛ መጣች። በውስጡ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ቋንጣ ነበረበት። መንገድ ላይ የራበው ከዚያ እንዲያነሣ ነው። አያቶቻችን ያለ በረዶ ረጅም መንገድ የተጓዙት በዚህ ዓይነት ስንቅ ነው፤ ውሃው የወጣለት ምግብ ተሕዋስያንን አያስተናግድም። ስለ በሶ የሳቅንበት ልጅ ከአገልግሉ አጠገብ ቦታ ይዞ እስከ ባቱ ድረስ አልተነሣም።

አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ የት እንደምትቀመጥ ተጨነቅን፤ ከፊት ያለው ወንበር ተለቅቆላት ነበር። እርሷ ግን ሣጥኑን ከሞተሩ ርቆ፣ በመካከለኛው መተላለፊያ ጥላ ባለበት በኩል እንድናስቀምጠው አዘዘችና ጋቢው ላይ ተቀመጠችበት። ከአዲስ አበባ እስከ ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በረዶ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ሄደች። ሞጆ ላይ ልጆች ሲያጨበጭቡ አብራ አጨበጨበች፤ አልተነሣችም። ጓደኛዬ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ወንበሩ ይሻልሽ ነበር» ሲላት፣ «ከዚህ የተሻለ ወንበር የለም፤ ይበርዳል» አለችው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ውሃውን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነካችው። ውሃው ቡናማ መሆኑ አስገረማት፤ ሰማያዊ መስሏት ነበር። ከዚያም ተመልሳ የግራሩን ጥላ እየተከተለች ሣጥኑን ሁለት ጊዜ አስነሣችን።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሁላችን ከበብናት። ጋቢውን ገለጠች፤ ክዳኑን አነሣች። በረዶው ከግማሽ በላይ እንደ ጠጠረ ነበር። እኔ ቴርሞሜትሬን ከኪሴ ሳወጣ እርሷ የእጇን ጀርባ ምግቡ ባለበት ዕቃ ላይ አሳረፈች።

«የአንተ ቍጥር ስንት ይላል?» አለችኝ።

«አምስት፣ እትዬ።»

«እኔም እንዲያው መስሎኝ ነበር» አለችና ወደ ልጆቹ ዞረች። «በሉ ዳቦውን አምጡ። አንተ ግን መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ በሳሙና።»